የእናቴን መድኃኒት ያዘገየሁባቸው አሥራ አራት ወራት

እናቴ ፓርኪንሰን የተባለው፣ እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል ሕመም እንዳለባት በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ተነገረን። የታዘዘላትን መድኃኒት መውሰድ የጀመረችው ግን በግንቦት 2014 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ያሉት አሥራ አራት ወራት ያለፉት መድኃኒቱ ከፋርማሲ ጠፍቶ ወይም ገንዘብ አጥሮን አይደለም፤ እኔ ስላልፈቀድኩ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህርት ነኝ፤ ስለ ሕዋስ ሳስተምር አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ ቤተሰቡም በሕክምና ጉዳይ ከእኔ ቃል አይወጣም። ያነበብኩት ነገር ሐሰት አልነበረም። ጥፋቴ፣ በቤተ ሙከራ ሳህን ውስጥ ስላለ ሕዋስ የተጻፈውን እንዳለ ወስጄ በእናቴ ላይ መወሰኔ ነው። ይህን የምጽፈው ወላጁ ወይም የትዳር ጓደኛው በዚህ ሕመም የተያዘበት፣ እንደ እኔም ማንበብ የሚወድ ሰው ያንኑ ስህተት እንዳይደግም ነው።

ነገሩ የጀመረው ሕመሙ ስም ከማግኘቱ ብዙ ቀደም ብሎ ነበር። በ2008 ዓ.ም. አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እናቴ ቡና እየቆላች ተቀምጠን ስንጫወት ቡናው ጠቆረ፣ ጢሱም ቤቱን ሞላው፤ እርሷ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ በዝግታ ታማስላለች። ጎረቤታችን «ኧረ አረረ!» ብላ ብረት ምጣዱን ከከሰሉ ላይ አነሳችው። እናቴ ደንግጣ «አልሸተተኝም እኮ» አለች። ጉንፋን ነው ብለን አለፍነው። በዚያው ሰሞን የሆድ ድርቀት ያስቸግራት ጀመር፤ ሌሊትም በእንቅልፏ ትጮኻለች፣ ከሰው ጋር እንደምትታገል እጇን ትወራጫለች፤ አንድ ሌሊት አብራት የምትተኛውን የእህቴን ልጅ ፊቷ ላይ መታቻት። ለድርቀቱ ተልባ አጠጣናት፣ ለቅዠቱ ጠበል ረጨንላት። ሽታውን፣ ሆዱንና እንቅልፉን አገናኝቶ ያየ ሰው ግን አልነበረም።

ሃይኮ ብራክ የተባለ ጀርመናዊ የአናቶሚ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር የሟቾችን አንጎል መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተመውን ሥራ ያነበብኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የሕመሙ አሻራ የሆነው የፕሮቲን ክምችት በብዙዎቹ ላይ መጀመሪያ የሚታየው ሽታን በሚቀበለው የአንጎል ክፍልና አንጀትን በሚያዘው የነርቭ ማዕከል ሲሆን፣ እንቅስቃሴን ወደሚመራው አካባቢ የሚደርሰው ቆይቶ ነው። በሁሉም ሕሙማን ላይ በዚሁ ቅደም ተከተል አይሄድም፤ የእናቴን ታሪክ ግን ከዚህ በተሻለ የሚገልጽልኝ አላገኘሁም። ሽታ የጠፋበት ወይም ሆዱ የደረቀ ሰው ሁሉ ፓርኪንሰን አለበት ማለት አይደለም፤ ለሁለቱም ብዙ ሌላ ምክንያት አለ። ነገር ግን በዕድሜ የገፋ ሰው ሽታ ጠፍቶበት፣ በዚያ ላይ በእንቅልፉ ሕልሙን በእጅ በእግሩ የሚኖረው ከሆነ፣ «እርጅና ነው» ከማለታችሁ በፊት ለነርቭ ሐኪም ንገሩ።

በ2012 ዓ.ም. ቀኝ ትከሻዋን ያማት ጀመር። የመገጣጠሚያ ችግር ነው ተብሎ መርፌም ቅባትም ተሰጣት። እናቴ ፈታይ ናት፤ ፈትሏ በሰፈሩ የታወቀ ነበር። በዚያ ዓመት ግን እንዝርቱን አሹራ ስትለቀው እንደ ቀድሞው አይዞርላትም፤ ወጥ የነበረው ክርም ቋጠሮ በዛበት። ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ ባረፈ ጊዜ አውራ ጣቷና አመልካች ጣቷ በየመሃሉ እርስ በርስ ይፋተጋሉ፤ የማይታይ ጥጥ የሚፈትሉ ይመስሉ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ስትፈትል ስለኖረች ልማድ መሰለን። ይህ እረፍት ላይ ባለ እጅ የሚታይ መንቀጥቀጥ ከፓርኪንሰን ዋና ምልክቶች አንዱ መሆኑን የነገረን በመጨረሻ ያየን የነርቭ ሐኪም ነው። ጣቶቿን ቶሎ ቶሎ እንድታጋጭ፣ እጆቿን ዘርግታ እንድትቆም፣ ወዲያና ወዲህ እንድትራመድ አደረጋት፤ ክንዷን ይዞ አጠፈው፣ ዘረጋው። ኤም.አር.አይ. ያዘዘውም ሌላ ሕመም አለመኖሩን ለማጣራት ብቻ ነበር። ካርቢዶፓና ሌቮዶፓ ያለበትን፣ ብዙዎቻችን ሲነሜት እያልን የምንጠራውን ክኒን ጻፈልን። በር ላይ ወረፋ የሚጠብቅ ብዙ ሕመምተኛ ስለነበር አንድ ጥያቄ እንኳ ሳልጠይቅ ማዘዣውን ይዤ ወጣሁ። ከዚህ የሚቀጥለው ስህተት ሁሉ የበቀለው ከዚያች ዝምታ ነው። ጥያቄያችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ግቡ፤ ሐኪሙ ቢቸኩልም አንዱን እንኳ ሳይመልስላችሁ አትውጡ።

በዚያ ሳምንት ማታ ማታ እያመሸሁ ማንበብ ያዝኩ። ያገኘሁት ነገር አስደነቀኝ። በመካከለኛው አንጎል ውስጥ፣ በግራና በቀኝ፣ ሰብስታንሺያ ናይግራ ማለትም «ጥቁሩ አካል» የሚባል ትንሽ ቦታ አለ፤ ጥቁር ያሰኘው በነርቭ ሕዋሳቱ ውስጥ የሚጠራቀም ኒውሮሜላኒን የተባለ ቀለም ነው። እነዚህ ሕዋሳት ዶፓሚን የተባለ መልእክት አድራሽ ኬሚካል እያመነጩ እንቅስቃሴን ወደሚያስተካክለው የአንጎል ክፍል ይልካሉ፤ የታዘዘላት ሌቮዶፓም አንጎል ውስጥ ሲገባ ወደ ዶፓሚን የሚለወጥ ነው። የእጅ መንቀጥቀጡና የሰውነት መገተሩ ለዓይን በሚታይበት ጊዜ ከእነርሱ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ሞተው ይገኛሉ። በሽታው ሌሎች የነርቭ ሕዋሳትንም ይጎዳል፤ የእነዚህ ጉዳት ግን የከፋ ነው። የዚህ አንዱ ምክንያት የተሸከሙት ሥራ ብዛት ይመስላል። በሰው አንጎል አንዲቱ ሕዋስ ከ1 ሚሊዮን እስከ 2 ሚሊዮን በሚበልጡ መገናኛዎች ከሌሎች ሕዋሳት ጋር እንደምትያያዝ፣ የክሯ ቅርንጫፎች ጫፍ ለጫፍ ቢቀጠሉም ከ4 ሜትር በላይ እንደሚሆኑ ተገምቷል። በዚህ ላይ እንደ ልብ ጡንቻ ራሷ በራሷ ስትመታ ትውላለች፤ በእያንዳንዱ ምትም ካልሲየም ይገባባታል፣ ያንን መልሶ ማስወጣትም ኃይል ይጠይቃል። ለተማሪዎቼ ሳስረዳ፣ ለአንድ መንደር የተተከለ ትራንስፎርመር አንድ ሙሉ ክፍለ ከተማ እንዲያበራ ከተደረገ ምን እንደሚሆን እጠይቃቸዋለሁ።

ኃይሉን የሚያቀርበው ሚቶኮንድሪያ የተባለው የሕዋሱ ክፍል ነው፤ የእርሱ ጉዳይ የታወቀውም በአንድ አሳዛኝ አጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 በካሊፎርኒያ ወጣት የሆኑ የአደንዛዥ ዕፅ ተጠቃሚዎች በድንገት እንደ ድንጋይ ደርቀው ሆስፒታል መጡ። ዊሊያም ላንግስተን የተባለው የነርቭ ሐኪምና ባልደረቦቹ ነገሩን ሲከታተሉ፣ በስርቆሽ በተሠራው ዕፅ ውስጥ ኤም.ፒ.ቲ.ፒ. የተባለ ኬሚካል አገኙ። ይህ ኬሚካል አንጎል ውስጥ ሲገባ ወደ ሌላ መርዝ ይለወጣል፤ መርዙም ዶፓሚንን ለማስገባት በተሠራው በር ዘልቆ ሚቶኮንድሪያን ኃይል ከማመንጨት ያግደዋል። በዚህም ያ ሕዋስ ይሞታል። ሮቴኖን የተባለው የተባይ ማጥፊያም ኃይል የሚያግደው በዚያው በሚቶኮንድሪያ ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ሮቴኖንን ወይም ፓራኳት የተባለውን የአረም ማጥፊያ በሥራቸው የተጠቀሙ ሰዎች ለፓርኪንሰን የመጋለጥ ዕድላቸው ካልተጠቀሙት 2.5 እጥፍ ያህል ሆኖ አግኝቶታል። ኬሚካል የሚረጭ ዘመድ ያላችሁ ጓንትና የፊት መሸፈኛ እንዲያደርግ ምከሩት፤ ይህን ለማድረግ ሕመም መጠበቅ አያስፈልግም።

ሌላው ታሪክ የፕሮቲን ነው። ፍሬድሪክ ሌዊ እ.ኤ.አ. በ1912 በሕሙማን የነርቭ ሕዋሳት ውስጥ ክብ ክብ ክምችቶችን አየ፤ ከምን እንደተሠሩ የታወቀው ግን ከ85 ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በአንድ የጣሊያንና በጥቂት የግሪክ ቤተሰቦች ላይ አልፋ ሲኑክሊን የተባለውን ፕሮቲን በሚሠራው ዘረመል ውስጥ ሕመሙን የሚያመጣ ለውጥ ተገኘ፤ በዚያው ዓመት ሌዊ ያያቸው ክምችቶች ዋና ይዘትም ይኸው ፕሮቲን መሆኑ ተረጋገጠ። 140 አሚኖ አሲዶች ያሉት ትንሽ ፕሮቲን ነው፤ አጣጣፉ ሲበላሽ ጎረቤቱንም ያበላሻል። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ከአሥር ዓመት በላይ አስቀድሞ ጤናማ የነርቭ ሕዋስ በአንጎላቸው የተተከለላቸው ሕሙማን ሲሞቱ ሲመረመሩ፣ በተተከሉት ወጣት ሕዋሳት ውስጥ እንኳ ያው ክምችት ተገኘ። ይህ ያስገረመኝን ያህል ምንም አላስገረመኝም፤ ክፋቱ ከሕዋስ ወደ ሕዋስ ይሸጋገራል ማለት ነውና። በሕዋስ ውስጥ ቆሻሻን የሚያጸዱ ክፍሎችም አሉ። ፓርኪንና ፒንክ1 የተባሉት ዘረመሎች የተበላሸ ሚቶኮንድሪያን ለይተው ለማስወገድ ይተባበራሉ፤ እነርሱ ሲጎድሉ ሕመሙ በወጣትነት ይመጣል።

እስከዚህ ድረስ ማንበቤ ጥሩ ነበር። ጥፋቱ የጀመረው «እንግዲያው» ባልኩበት ነው። ችግሩ የሚቶኮንድሪያ ከሆነ፣ እንግዲያው ሚቶኮንድሪያን የሚረዳ ነገር ይሰጣት አልኩ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ወንድሜ ኮኤንዛይም ኪው10 የተባለውን እንክብል በየሁለት ወሩ በሰው ይልክ ጀመር፤ ከደመወዙ ምን ያህል እንደቆረሰበት ያወቅሁት በኋላ ነው። ደግሞም ሌቮዶፓ በሳህን ላይ ባደጉ የነርቭ ሕዋሳት ላይ ሲጨመር እንደሚገድላቸው የሚናገር ጽሑፍ አገኘሁ። «የቀሩትን ሕዋሳት ሊጨርስባት ነው» ብዬ ደነገጥኩ። መድኃኒቱ ጥቂት ዓመት ብቻ ሠርቶ ያልቃል የሚል ወሬም ስለሰማሁ፣ ለክፉ ቀን እናቆየው ብዬ ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። እናቴ «ሐኪሙ ያዘዘውን ለምን አልውጥም?» ብላ ሁለት ጊዜ ጠይቃኛለች። «እኔ አውቃለሁ፣ እማዬ» አልኳት። ዳግመኛ አልጠየቀችኝም።

በእሸት ወራት ባቄላም ሞክረናል። ሌቮዶፓ በባቄላ ውስጥ መኖሩ እውነት ነው፤ ማርከስ ጉገንሃይም የተባለ የስዊዘርላንድ ኬሚስት ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1913 ከባቄላ ነበር። ነገር ግን በአንዱ ሰፌድ እሸትና በሌላው መካከል ያለው መጠን እኩል አይደለም፤ ሌቮዶፓው አንጎል ሳይደርስ በመንገድ እንዳያልቅ የሚጠብቀው ካርቢዶፓም በውስጡ የለም። እሸት ባቄላን ለምግብነቱ ብሉት፤ በክኒን ምትክ ግን አታድርጉት።

አሥራ አራቱ ወራት ቀስ ብለው ነው ያለፉት። መጀመሪያ የሹራቧን ቁልፍ መቆለፍ አቃታት፤ ከዚያ የሴቶች እድር ገንዘብ ያዥ ስለነበረች በመዝገቡ ላይ የምትጽፈው ስም ከመስመር መስመር እያነሰ ሄዶ ለማንበብ አስቸገረ፤ ሰዎቹ እንዳይከፋት አድርገው ደብተሩን ወሰዱላት። ፊቷ ስሜት አይታይበትም፣ ድምፅዋም ለስልሶ ጠፋ። «አኩርፋለች» የሚሉ ዘመዶች ነበሩ። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ከበረንዳው ደረጃ ስትወርድ እግሯ መሬት እንደያዘው ሁሉ ቆሞባት ወደፊት ወደቀች፤ የግራ እጇ አንጓ ተሰበረ። ጀሶ ሲደረግላት እጇን ይዤ ቆሜ ሳለሁ አጥንት የሚያክመው ሐኪም የምትወስደውን መድኃኒት ጠየቀኝ። ኪው10ን ጠራሁለት። «ለፓርኪንሰኑስ?» አለኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

በሳምንቱ ወደ ነርቭ ሐኪሙ ተመለስን። አልተቆጣኝም፤ ይልቁንም ጊዜ ሰጥቶ አስረዳኝ፤ የነገረኝንም ቤት ሄጄ አንብቤ አረጋገጥኩ። በሳህን ላይ ያሉት ሕዋሳት የሚሞቱት በአንጎል ውስጥ ከማይደረስበት ከፍተኛ መጠን ጋር ተገናኝተው፣ ያውም በእውነተኛው አንጎል ዙሪያቸውን ከበው የሚጠብቋቸው ደጋፊ ሕዋሳት ሳይኖሩ ነው። በኔዘርላንድስ 445 ሕሙማን የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ሌቮዶፓን ወዲያው የጀመሩትን ከ40 ሳምንት በኋላ ከጀመሩት ጋር አነጻጽሮ፣ በ80ኛው ሳምንት ሁለቱም ቡድኖች አንድ ዓይነት ሁኔታ ላይ አገኛቸው፤ መድኃኒቱ በሽታውን አላዘገየውም፣ አላባባሰውምም። ይበልጥ የነካኝ ግን ከአፍሪካ የመጣው ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ ጥናት የጋናና የጣሊያን ሕሙማንን አስተያይቷል። ጋናውያኑ መድኃኒቱን ባለማግኘታቸው ሕመሙ ከተነሳ በአማካይ ከ4 ዓመት በላይ ቆይተው፣ ጣሊያናውያኑ ደግሞ ከ2 ዓመት ትንሽ አልፈው ነበር የጀመሩት። የመድኃኒቱ ኃይል በቀን ውስጥ ከፍና ዝቅ ማለትና ያለፈቃድ የሚመጣው የሰውነት መወራጨት ግን በሁለቱም ላይ የተከሰተው ሕመሙ ተቀራራቢ ዕድሜ ላይ ሲደርስ ነው። ማዘግየቱ ጋናውያኑን ያተረፈላቸው ነገር የለም፤ ያጡት በደህና መንቀሳቀስ ይችሉባቸው የነበሩትን ዓመታት ነው። እናቴን ያሳጣኋትም ያንኑ ነበር።

ስለ እንክብሉም ጠየቅሁት። ኮኤንዛይም ኪው10 በ600 ሕሙማን ላይ በከፍተኛ መጠን ተሞክሮ መድኃኒት ከሌለበት የማስመሰያ ክኒን የተሻለ ነገር አላመጣም፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። ክሬቲን የተባለው ሌላው የሚቶኮንድሪያ ተስፋም ከ1,700 በላይ ሰዎች ተሳትፈውበት እንደዚያው ባዶ ሆነ። ይህ ማለት የሚቶኮንድሪያ ምርምር ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ሕመሙ ከመታየቱ በፊት ብዙዎቹ ሕዋሳት አልቀዋል፤ በአንዱ ሰው የኃይል እጥረት፣ በሌላው የፕሮቲን ክምችት፣ በሦስተኛው የጽዳቱ መበላሸት ሊያመዝን ይችላል፤ በአፍ የዋጥነው ነገር ሁሉም እዚያች ጥቁር ቦታ አይደርስም። የበሽታን ምክንያት ማወቅና መድኃኒቱን ማግኘት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ማስተማር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ለወንድሜ ደውዬ «ከእንግዲህ አትላክ» ስለው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያ «እሺ እቴ፣ በሱ ፈንታ የፊዚዮቴራፒውን እከፍላለሁ» አለኝ።

በግንቦት መድኃኒቱን ጀመረች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አቅለሸለሻት፤ ይህ የተለመደ ነው፤ ሐኪሙም አስጠንቅቆን ነበር። እኔ ግን ትምህርት ቤት በነበርኩበት ሰዓት ሲብስባት የእህቴ ልጅ ሰፈር ወዳለ ክሊኒክ ወሰደቻትና ለማስታወክ ፕላሲል ተሰጣት፤ በሁሉም ቤት የሚታወቅ ክኒን ስለሆነ ማንም አልጠረጠረውም። በቀን ሦስት ጊዜ ትውጠው ጀመር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከአልጋ መነሳት አቃታት፤ ምራቋን መዋጥ ተሳናት፤ መድኃኒቱን ባልጀመረችበት ጊዜ ከነበረችው የባሰች ሆነች። «አላልኳችሁም? ሌቮዶፓው ነው የገደላት» ብዬ ቤተሰቡን ሰብስቤ ልናቋርጥ ተስማማን። በዚያች ማታ ብናቋርጥ ኖሮ ምን እንደሚሆን አሁን ሳስበው ይከብደኛል፤ ሌቮዶፓን በድንገት ማቆም ከፍተኛ ትኩሳት፣ የሰውነት መድረቅና ሕይወትን የሚያሰጋ አደጋ ሊያመጣ ይችላል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በማግስቱ ለሐኪሙ ልደውል ብላ የጠየቀችው እህቴ ነች። «የምትወስደውን ሁሉ፣ የራስ ምታት ክኒን እንኳ ሳይቀር፣ በፌስታል አድርጋችሁ አምጡ» አለ። ጠረጴዛው ላይ ስንዘረግፈው ፕላሲሉን በሁለት ጣት አንስቶ ለብቻ አስቀመጠው። ይህ ክኒን ማስታወክን የሚያቆመው ዶፓሚን የሚቀበሉትን በሮች በመዝጋት ነው፤ በአንድ እጅ እየሰጠናት በሌላው እየነጠቅናት ኖሯል። ማቅለሽለሹን ዶምፔሪዶን በተባለው፣ ወደ አንጎል ብዙም በማይዘልቀው መድኃኒት ተካላት፤ የልብ ምርመራም አስቀድሞ አደረገላት። በሦስተኛው ሳምንት ራሷ ተነስታ ፊቷን ታጠበች።

ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ፤ ሜቶክሎፕራማይድ ማለትም ፕላሲል፣ ለአእምሮ ሕመም የሚታዘዙት ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚንም ለፓርኪንሰን ሕመምተኛ ጠላት ናቸው። ስማቸውን በወረቀት ጽፋችሁ ከሕመምተኛው ቦርሳ ውስጥ አኑሩ፤ ክሊኒክም፣ ሆስፒታልም፣ ጥርስ ለማስነቀልም ሲሄድ ያሳይ። የእናቴ ወረቀት በላስቲክ ተሸፍኖ ከመታወቂያዋ ጀርባ ነው።

የቀረው ትምህርት የሰዓት ነው። ሌቮዶፓ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው ከፕሮቲን የሚገኙ አሚኖ አሲዶች በሚገቡበት በር ስለሆነ፣ አብረው ከመጡ ይጋፋሉ። እኛ ደግሞ ጾም ስለነበረ ፕሮቲን የለም ብለን ክኒኑን ከምሳ ጋር እንሰጣት ነበር። ሽሮና ምስር ግን ፕሮቲን ናቸው፤ ከሽሮ ወጥ ጋር የዋጠችው ክኒን አንዳንዴ ጨርሶ አይሠራላትም ነበር። አሁን ከምግብ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቀድማ በውኃ ብቻ ትወስደዋለች። የደም ማነስ የብረት ክኒንም ከሌቮዶፓ ጋር ስለሚጣበቅ ሰዓቱን አራርቀንላታል። ይህን ሁሉ ያገኘነው በአንድ የተማሪ ደብተር ነው፤ ክኒን የወሰደችበትን ሰዓት፣ የበላችውን፣ መቼ እንደቀለላትና መቼ እንደያዛት ለሦስት ሳምንት መዘገብን፤ ሐኪሙ ከየትኛውም ምርመራ ይልቅ ያንን ደብተር አገላብጦ ነው መጠኑን ያስተካከለላት። ክኒኑ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ፍለጋ ጀምሩ፤ ስሙ በየፋርማሲው ሊለያይ ስለሚችል ካርቢዶፓና ሌቮዶፓ የሚሉትን ቃላትና መጠናቸውን አጥኑ። ጠበል የምትሄዱም ክኒኑን ይዛችሁ ሂዱ። እኛ የሄድንበት ገዳም አባት ጉዳዩን ስንነግራቸው «መድኃኒቱንም የፈጠረ እርሱ ነው፣ ሰዓቷን ጠብቃ ትዋጠው» ነው ያሉን። እግሯ መሬት ሲይዘው ደግሞ መጎተት አይበጅም፤ የእህቴ ልጅ በዝግታ እያጨበጨበች መዝሙር ስትጀምርላት በምቱ ትራመዳለች። ራሳቸው ሕመሙ ያለባቸው ወይዘሮ ክብራ ከበደ የመሠረቱት የፓርኪንሰን ሕሙማን ድጋፍ ድርጅት በአዲስ አበባ አለ፤ እንዲህ ያለውን ብልሃት ሕመሙን ከሚኖሩት ሰዎች አፍ መስማት ከመጽሐፍ አይገኝም።

ማንበቤን አልተውኩም፤ አነባበቤን ግን ለውጫለሁ። እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ ትልቅ የአፍሪካ ግኝት ታትሟል። ናይጄሪያውያን ተመራማሪዎች ከሌሎች አገሮች ባልደረቦቻቸው ጋር በአፍሪካውያንና በአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ፣ ጂቢኤ1 በተባለው ዘረመል ውስጥ፣ በአውሮፓውያን ጥናት ያልታየ ልዩነት አገኙ። ይህ ዘረመል ላይሶሶም የተባለው የሕዋስ ማጽጃ የሚሠራበትን አንድ ኢንዛይም ያዛል። ልዩነቱን ከአንድ ወላጅ የወረሰ ሰው ለሕመሙ የመጋለጥ ዕድሉ 1.5 እጥፍ ያህል፣ ከሁለቱም የወረሰ ደግሞ 3.5 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ወንድሜ ዜናውን ልኮልኝ «እማዬንም እናስመርምራት?» ሲለኝ ልቤ እንደ ድሮው ዘለለ፤ ነገር ግን ተሳታፊዎቹ በአብዛኛው ናይጄሪያውያንና አፍሪካ አሜሪካውያን ነበሩ፤ የምርመራው ውጤትም ዛሬ የምትውጠውን ክኒን አይለውጥም። አሁን አንድ ዜና ሲደርሰኝ አስቀድሜ የምጠይቀው በሳህን ላይ ነው፣ በአይጥ ነው ወይስ በሰው? በስንት ሰው? ከማስመሰያ ክኒን ጋር ተነጻጽሯል? ይህን ጠይቄ ሳበቃ ወረቀቱን አጥፌ ለቀጠሮ ቀን ለሐኪሙ አስቀምጠዋለሁ፤ ለእናቴ ራሴ አላዝም።

ሽታው አልተመለሰላትም፤ ሌቮዶፓ ለእርሱ አይሠራም። የቡናው ነገር ግን መላ አገኘ። ባለፈው እሑድ ከጎኗ ተቀምጬ ሳለሁ ጆሮዋን ወደ ብረት ምጣዱ አዘንብላ ፍሬው መንጣጣት እስኪጀምር አዳመጠች፤ ከዚያ የመንጣጣቱ ድምፅ ሲሳሳ በቀኝ እጇ አወረደችው። ቀለሙን አየሁት፤ ልክ እንደ ድሮው ነበር። ምጣዱን ይዛ ጢሱን ለሁላችንም አዞረችልን፤ እኔ ጋ ስትደርስ «እንዴት ነው ሽታው?» አለችኝ፣ እኔም እያሸተትኩ ነገርኳት።